ከኔትወርኩ በፊት የሰው ልብ



በዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ርእሰ መምህር የሚጽፈው ነገር የታወቀ ነው። እንኳን ለዚህ አበቃችሁ ይላል፣ የዓመቱን ሥራ ይዘረዝራል፣ መልካም ዕረፍት ይመኛል። ዘንድሮ ግን ከምስጋናው በፊት የራሴን አንድ ስሕተት ልነግራችሁ፣ ከስሕተቱም የተማርኩትን ላካፍላችሁ ፈልጌአለሁ። ነገሩ ብዙዎቻችሁን ያነጋገረው የኦንላይን ትምህርታችን ጉዳይ ነው።

እንደምታስታውሱት በዓመቱ መጀመሪያ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የማታ ማጠናከሪያ ትምህርት በኦንላይን ጀምረን ነበር። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ምሽት ከሒሳብ መምህሩ አጠገብ ተቀምጬ ልጆቹ እስኪገቡ ጠበቅሁ። የገቡት በአንድ እጅ ጣቶች የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነሱም አብዛኞቹ ምስላቸው የለም፣ ድምፃቸው የለም፣ ስማቸው ብቻ በጥቁር ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ይታያል። መምህሩ «ይሰማል?» ይላል፤ መልስ የለም። «የገባው ሰው አለ?» ይላል፤ ዝም። ቀን በክፍል ውስጥ ዝም በሉ ተብለው የማይሰሙት ልጆች ማታ ተናገሩ ቢባሉ አልናገር አሉ።

እኔም ብዙ ሰው የሚለውን አልኩ። «ኔትወርኩ ነው» አልኩ። «ዳታው ተወዶባቸው ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ የዳታ ወጪ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፣ በሙቀቱ ወራት መብራት ሲቆራረጥም የምናውቀው ነው። ይሁን እንጂ የምንኖርበትን ከተማ አስቡት። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ በርካታ የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ኬብሎች የሚያርፉት እዚሁ ጅቡቲ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው መስመሮች አንዱም በዚሁ ያልፋል። እነዚያው ወደ ትምህርቱ አልገባ ያሉ ልጆች ማታ ቪዲዮ ሲያዩና ከአዲስ አበባ ዘመዶቻቸው ጋር ሲያወሩ ያመሻሉ። ስልኩም መስመሩም በአብዛኛው ቤት አለ ማለት ነው። ታዲያ የጎደለው ምን ነበር?

ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ይልቁንም ትእዛዝ አወጣሁ። በኦንላይን ለተገኘ ተማሪ ማርክ እንዲሰጠው፣ ለቀረ እንዲቀነስበት አደረግሁ። በሳምንቱ የተሰብሳቢው ቁጥር አደገ፤ እኔም ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው አንድ መምህርት ቢሮዬ ገብታ «ስልኮቹ ገብተዋል፤ ልጆቹ ግን የሉም» እስክትለኝ ድረስ ነበር። ልጆቹ ሊንኩን ከፍተው፣ ድምፁን ዘግተው፣ ስልኩን ትራስ ላይ አስቀምጠው ወደ ጨዋታቸው ይሄዱ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔም ትእዛዝ የተፈታው እንዲሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። ለአንዳንዱ ቤተሰብ ስልክ ደወልኩ፣ ከባልባላ እስከ አምቡሊ የአንዳንዱን ቤት አንኳኳሁ፣ መምህራኑንም አንድ በአንድ አነጋገርኩ። ከሰማሁት ውስጥ ሦስቱን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ በክፍል ውስጥ ጎበዝ ከምንላቸው አንዷ የሆነች ልጅ ናት። ለምን እንደማትገባ ስጠይቃት አቀርቅራ ዝም አለች። ቤታቸው ስሄድ ሳትነግረኝ ገባኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። እናትየዋ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ትጉህ ሴት ናት፤ የማታው ትምህርት በሚጀመርበት ሰዓት ምጣዱ ይጣዳል፣ ትናንሾቹ ልጆች ይተኛሉ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ሰው ይኖራል። ካሜራው ቢከፈት የክፍል ጓደኞቿ በሙሉ ያለ ግብዣ ቤቷ ሊገቡ ነው። እኛ «ካሜራችሁን ክፈቱ» ስንል ሥርዓት ማስከበራችን መስሎን ነበር። እሷ ግን «ቤታችሁን አሳዩን» ያልናት ያህል ነው የሰማችው።

ሁለተኛው ከመምህራኖቻችን መካከል በልምድ አንጋፋ የሆነ ነው። ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ሲቆም አንበሳ ነው። ትምህርቱን በቪዲዮ ቅዳልን ስንለው ግን አንዴ ጉሮሮዬን አመመኝ፣ አንዴ ስልኬ ሞላ እያለ ወራት አሳለፈ። በመጨረሻ ሻይ እየጠጣን እውነቱን ነገረኝ፦ «ሰሌዳ ላይ የተሳሳትኩትን በዳስተር አጠፋዋለሁ። ቪዲዮው ላይ የተሳሳትኩትን ማን ያጠፋልኛል? በየስልኩ ሲዞር ይኖራል።» ይህንን ሰው ሰነፍ ማለት እንዴት ይቻላል? ሠላሳ ዓመት የገነባውን ስም በአንድ ቅጂ እንዳያጣ የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

ሦስተኛዋ እናት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ልጃቸውን በየቀኑ ደብተሩን አስከፍተው «ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚሉ እናት ናቸው። ቀይ እርማት ሲያዩ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ፣ የመምህሩን ፊርማም ይለያሉ። እንዲህ አሉኝ፦ «ደብተሩን አየዋለሁ። ስልኩን ሲያይ ግን ትምህርት ይሁን ጨዋታ በምን አውቄ? ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ነው። ከእንግዲህ በቤቴ የሚያዘው ማን ሊሆን ነው፣ መምህር?» ልብ በሉ፤ እኚህ እናት የጠሉት ትምህርቱን አይደለም። እናትነታቸው በገዛ ቤታቸው ሲቀንስ ታያቸው።

ሦስቱም «አንችልም» አላሉም። ሦስቱም መሣሪያ አላቸው። አንዷን የያዛት ኀፍረት፣ ሌላውን ስሙን የማጣት ሥጋት፣ ሌላዋን በልጃቸው ላይ ያላቸውን ቦታ የማጣት ፍርሃት ነው። በእኔ አስተያየት የኦንላይን ትምህርት በኅብረተሰባችን ውስጥ የሚሳካው ወይም የሚወድቀው በእነዚህ ላይ ነው። የሰው ክብር ካልተጠበቀ ፈጣን ኢንተርኔት ብቻውን ተማሪ አያመጣም።

ይህን ስል ከራሴ ብቻ አይደለም። ምሁራን ሰዎች አዲስ ቴክኖሎጂን ለምን እንደሚቀበሉና ለምን እንደማይቀበሉ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ፍሬድ ዴቪስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ነገሩን በሁለት ጥያቄዎች አጠቃለለው። ሰው አዲስ ነገር ሲቀርብለት በልቡ «ይጠቅመኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «ያስቸግረኛል ወይ?» ይላል። ዴቪስ ካገኛቸው ነገሮች ውስጥ ለእኛ ሁለቱ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ወሳኙ መሣሪያው በእውነት መጥቀሙ ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚው ይጠቅመኛል ብሎ ማመኑ ነው። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ጥያቄዎች የሚበልጠው የጥቅሙ ጥያቄ ነው። ሰው ይጠቅመኛል ብሎ ያመነበትን ነገር ቢያስቸግረውም ይታገለዋል፤ የማይጠቅመውን ግን ቢቀለውም ይተወዋል።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በአንድ አባት ነው። ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከወር ውስጥ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ያሳልፋል። በቴክኖሎጂ የሠለጠነ ሰው አይደለም፤ መልእክት ሲጽፍ እንኳ በአንድ ጣት ነው። ሆኖም ከወላጆች ሁሉ ቀድሞ ሥርዓታችንን የለመደው እሱ ነው። ጋላፊ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ የልጁን የቤት ሥራ ይከፍታል፣ መምህሩ የሰጠችውን አስተያየት ያነባል፣ ለልጁ በድምፅ «ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተሳስተሃል አሉ፤ ድጋሚ ሥራው» ይለዋል። ለእሱ ኦንላይን ማለት አባትነቱን ከመንገድ ላይ መወጣት ማለት ነው። ለእሱ እናትነቷን የመለሰላት ይመስል የተቀበለው ያው መሣሪያ ነው ለዚያች እናት ሥልጣኗን የሚነጥቅ የመሰለው።

ሌላው ሊታወስ የሚገባው አልበርት ባንዱራ ነው። ይህ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ሐሳብ፣ ሰው አንድን ነገር ለመሞከርና ሲከብደው ለመጽናት «እችላለሁ» የሚል እምነት እንደሚያስፈልገው አስረዳ። ይህ እምነት ከአራት ምንጮች ይመጣል። ዋነኛው ራስ ሞክሮ ማሳካት ነው። ሁለተኛው እኔን የሚመስል ሰው ሲችል ማየት ነው። ሦስተኛው የምናከብረው ሰው «አይዞህ፣ ትችላለህ» ሲለን ነው። አራተኛው የሰውነታችን ስሜት ነው፤ ልባችን ሲመታና እጃችን ሲያልበን «አልችልም» ብለን እንተረጉመዋለን። አንጋፋው መምህራችን ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ልቡ ይመታል። የሚያየው ምሳሌ ደግሞ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት መምህር ነው፤ እሱን የሚመስል ሰው ሲሠራው አላየም። ታዲያ እምነቱ ከየት ይምጣ?

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ቬንካቴሽ የተባለው ተመራማሪ ከዴቪስና ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቹ ጋር የቀደሙትን ጥናቶች አንድ ላይ ሲያጣምር ሌሎች ነገሮችንም አካተተ፦ ሰው የሚያከብራቸው ሰዎች ስለ ነገሩ ምን ይላሉ? ሲቸገርስ የሚረዳው አለ ወይ? ዕድሜ፣ ልምድ፣ በፈቃድ ነው ወይስ በግዴታ የሚለውም ለውጥ ያመጣል። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ንጉሠ ነገሥቱ መምህራኑን ያስመጡት ከግብፅ፣ ከኮፕት ክርስቲያኖች መካከል ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል የሚል ሥጋት ስለነበረ፣ ሕዝቡና ቤተ ክህነቱ በማይጠረጥሩት ሰው እጅ አዲሱን ነገር አስገቡ። አዲስ ነገር በሚታመን ሰው በኩል ሲመጣ በሩ ይከፈታል።

አሁን ወደ ራሴ ሕይወት ልመለስ። የእኔ ትውልድ መምህራን ቴክኖሎጂ በክፍላችን ሲገባ ያየነው በኮምፒውተር አይደለም፤ በፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትልልቅ ስክሪኖች ተተከሉ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር። እኔ ያን ጊዜ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በአንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ክፍለ ጊዜው በአብዛኛው የስክሪኑ ነበር፤ ለእኛ የተረፈን መግቢያውና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

ለፍርድ አልቸኩል፤ ፕላዝማው ጥሩ ነገር ነበረው። ላቦራቶሪ በሌለበት ክፍል ልጆቹ ሙከራ በዓይናቸው አይተዋል፤ የሴልን መከፋፈል በጠመኔ ከምስለው በተሻለ አሳይቷል። ችግሩ የተናገረውን ያህል አለመስማቱ ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ግን ገና ጥያቄውን እየገለበጡ ነው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የተማሪዎቼን ፊት አያለሁ፤ እንዳልገባቸው አውቃለሁ፤ ማስቆም አልችልም። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በሙሉ በደስታ ጮኸ። አንድ ልጅ ከኋላ «አሁን ቲቸር ያስረዱን!» አለ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለእኔ ከማንኛውም የግምገማ ሪፖርት በላይ ነገሩን ይገልጸዋል።

ዘንድሮ ግን ያን ጊዜ በእኔ ላይ የተደረገውን እኔው በሌሎች ላይ ደገምኩት። መምህራኑን ሳላማክር፣ ወላጆችን ሳልጠይቅ፣ የልጆቹን ፊት ሳላይ ስክሪን ተከልኩ። ሰው የተበደለውን ቶሎ አይረሳም ይባላል፤ ሥልጣን ሲይዝ ግን ይረሳል።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ትዝታም አለኝ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልጅ ነበርኩ። ዘመቻው በጊዜው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተሸልሟል፤ ግዴታም ፖለቲካም ነበረበት፤ ያንን አልክድም። እኔ የማስታውሰው ግን እናቴን ነው። እማዬ በመጀመሪያው ቀን ደብተሯን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ነው ወደ ቀበሌው አዳራሽ የሄደችው። እርሳስ ስትይዝ እንዳላያት ከቤት ታስወጣኝ ነበር። ልጇ «ሀ ሁ»ን እያነበበ እሷ ስትንተባተብ መታየት አልፈለገችም። ወራት አለፉ። አንድ ማታ ራሷ ጠራችኝና ከአንድ የሳሙና መጠቅለያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበበችልኝ።

ምን ረዳት? አጠገቧ የተቀመጡት እንደ እሷ ያልተማሩ ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ እነሱ ሲችሉ አየች። ያስተማረቻት የምታውቃት የሰፈር ልጅ ነበረች። የተማረችው በምትናገረው ቋንቋ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እስክትችል ድረስ የምትሳሳትበት ሥፍራ ነበራት፤ የምታፍርበት ሰው በሌለበት። ባንዱራን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነበው ያስታወስኩት እማዬን ነው።

«እና ኦንላይኑን እንተወዋ?» የሚሉኝ አሉ። አንድ ወላጅ በስብሰባ ላይ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል፤ ደብተርና ጠመኔ አይበቃም ወይ?» ብለው አስቀውናል። እኔ ግን መተው አንችልም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ሁለት ነው።

አንደኛው እ.ኤ.አ. የ2020 ትምህርት ነው። በመጋቢት ወር በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በኢትዮጵያ ብቻ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ቀሩ። እዚህ ጅቡቲም በዚያው ወር በሮቻችን ተዘጉ። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ለመቀጠል ተሞከረ። ሁላችንም ሳንወድ ገባንበት። በግድ የገባንበትን ደግሞ በሮቹ በተከፈቱ ማግሥት እንደ ተዋሱት ልብስ አውልቀን ጣልነው። ለብዙ ቤተሰብ ኦንላይን ከበሽታ፣ ከሥራ ማጣትና ከፍርሃት ጋር ተያይዞ ነው የሚታወሰው። ያን ጊዜ በጭንቀት ያየነውን ዛሬ በሰላም ቀን፣ በእርጋታ ካልተለማመድነው ቀጣዩ ችግር ሲመጣ እንደገና ባዶ እጃችንን ያገኘናል።

ሁለተኛው ከልጆቻችን መጻኢ ዕድል ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ሰጥታለች፤ መንገዱ ወደዚያ መሆኑ ግልጽ ነው። ዛሬ ካሜራና ስክሪን የምትፈራ የ8ኛ ክፍል ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈተናዋን ስክሪን ላይ ልታገኘው ትችላለች። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነካው ከሆነ ሁለት ፈተና ነው የምትፈተነው፦ አንዱ የፊዚክሱ፣ ሌላው የፍርሃቷ። ይህንን ዕዳ በልጆቻችን ላይ ማሳደር የለብንም።

ስለዚህ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከመምህራኑና ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ተመካክረን አሠራራችንን ለወጥን። የለወጥነው ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም።

የመገኘት ማርኩን አነሣን። በኦንላይን መማር የማይፈልግ ተማሪ ያንኑ ትምህርት በወረቀት ወስዶ ይሠራል፤ ማርኩ አይነካም። ካሜራ መክፈት ግዴታ መሆኑ ቀረ። ልጁ ድምፁን ልኮም ጽፎም መመለስ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን የኦንላይን ትምህርቶች እዚሁ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ እየተሳሳተና እየተሳሳቀ እንዲለማመድ አደረግን። ቪዲዮ የሚቀዳ መምህር ቪዲዮው ለማን እንደሚደርስና መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው ራሱ ነው። ለወላጆች ደግሞ ዓርብ ረፋድ ላይ ቡና አፍልተን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አሳየናቸው። የልጃቸውን ሥራ በአንድ ንክኪ እንዴት እንደሚያዩ፣ የመምህሩን አስተያየት በድምፅ እንዴት እንደሚሰሙ ያስተማሯቸው ያ ሾፌር አባትና ሌሎች ወላጆች ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም።

ውጤቱን አጋንኜ አልነግራችሁም። አሁንም የማይገቡ ልጆች አሉ፤ አሁንም መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ይቆማል። አንጋፋው መምህራችን እስከ ዛሬ ቪዲዮ አልቀዳም። ነገር ግን በድምፅ ብቻ ማስረዳት ጀምሯል፤ ልጆቹ «የቲቸርን ቮይስ ላኩልኝ» ሲባባሉ ሰምቼአለሁ። እኚያ እናት ማታ ማታ ስልኩን ከልጃቸው ተቀብለው የመምህሯን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ «ዛሬ ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄያቸው አልቀረም፤ እንዲያውም አሁን መልሱን አስቀድመው ያውቁታል። ያቺ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ካሜራዋን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልከፈተችም። አንድ ምሽት ግን ጥያቄ ጻፈች። መምህሯ እንደነገረችኝ በክፍል ውስጥ አንድም ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ በተከታታይ ትጠይቅ ጀመር። ፊቷን እንድታሳይ ስናስገድዳት ድምፅዋን አጥተን ነበር፤ ስንተዋት ጥያቄዋን አገኘን።

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ሰው አዲስ ነገርን እምቢ ሲል እምቢታው መልእክት አለው። መልእክቱን ሳያነቡ ግዴታ መጣል ደብዳቤን ሳይከፍቱ እንደ መቅደድ ነው። አንዳንዱ እምቢታ ከፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ በልምምድና በአይዞህ ይለቃል። አንዳንዱ ግን ትክክል ነው። የልጄን ስልክ ማን ያያል የሚል ወላጅ፣ የቤቴን ገመና አላሳይም የምትል ልጅ፣ ስሜን በምን ዋስትና ትወስዳላችሁ የሚል መምህር ትክክል ናቸው። ለእነሱ የምንሰጠው መልስ ምክር አይደለም፤ የአሠራር ለውጥ ነው።

ተማሪዎቼ፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። እናንተ በስልኩ ከወላጆቻችሁ ትበልጣላችሁ። ይህ ኩራት አይሁንባችሁ። እናታችሁ ቀስ ብላ ስትነካው አትሳቁ፣ ስልኩንም ከእጇ አትንጠቁ። አንድ ቀን ፊደል ያስቆጠረቻችሁ እሷ ወይም ለዚያ ስትል የደከመችው እሷ ናት።

ወላጆች ሆይ፣ «እኔ አልተማርኩም፣ አይገባኝም» ብላችሁ አትራቁ። የእናንተ ጥያቄ ከፓስወርድ ይበልጣል። ልጁ የሚጠየቅ መሆኑን ካወቀ ስልኩም ደብተር ይሆናል።

ባልደረቦቼ መምህራን፣ ስክሪኑ ቦታችሁን እንዲወስድ አልፈቅድም። ተማሪው አልገባኝም ሲል ፊቱን አይቶ የሚያውቅ መሣሪያ እስከ ዛሬ አላየሁም። በመጪው ዓመት የሚጨመር አዲስ አሠራር ካለ አስቀድሞ የሚቀርበው ለእናንተ ነው፤ ይህን በጽሑፍ ቃል እገባለሁ፤ ብረሳ ይህንን መጽሔት አምጥታችሁ አሳዩኝ።

እነሆ ሙቀቱ ገብቷል፣ የግቢያችን ጥላም አጥሯል፣ ብዙዎቻችሁም ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ ለመሄድ ሻንጣ እያሰናዳችሁ ነው። በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ተመለሱ። በመስከረም ስንገናኝ በሩም ስክሪኑም ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ በየትኛው እንደምትገቡ ግን እንጠይቃችኋለን።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንልን።

ርእሰ መምህር
ጅቡቲ ከተማ